ከአንድ ባትሪ ለአርዱይኖና ለሞተር ድራይቨር፦ የኃይል መስመር ዝርጋታ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሥራው ይህ ነው። ሁለት ባለ ጊር የ12 ቮልት ዲሲ ሞተሮች፣ አንድ የኤል298ኤን ድራይቨር ሞጁል (ትእዛዝ ተቀብሎ ለሞተሮቹ ከረንት የሚሰጥ ቦርድ) እና አንድ አርዱይኖ ኡኖ (ኮዱን የሚያስኬድ ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቦርድ) በአንድ ትንሽ ጋሪ ላይ ተጭነው፣ ሁሉም ከአንድ ባትሪ ኃይል ያገኛሉ። ቦታው አራት ኪሎ ነው። ኮዱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ቦርድ የሚቃጠለውም አብዛኛውን ጊዜ በኮድ ሳይሆን ሽቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባትሪ ጋር በሚገናኝባት ቅጽበት ነው። ስለዚህ እዚህ የኃይል መስመሩ ተበይዶ፣ ተለክቶና በጭነት ተፈትኖ ሳያልፍ አርዱይኖው ከሳጥኑ አይወጣም።

ሰኞ ጠዋት፦ ስሌት

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የሞተሩ ከረንት ነው። ሻጭ የሚናገረው ቁጥር ብዙ ጊዜ ሞተሩ ያለ ጭነት ሲሽከረከር የሚወስደው ነው። ድራይቨርን የሚያቃጥለው ግን ዘንጉ ተይዞ ሲቆም የሚወስደው ስለሆነ እሱን ማወቅ ግድ ይላል። ለዚህም መልቲሜትር ይበቃል፦ የሞተሩን ሁለት እግሮች በኦም መለካት፣ ዘንጉን በትንሽ በትንሹ እያዞሩ ደጋግሞ ማንበብ፣ ዝቅተኛውን ንባብ መውሰድ፣ ከዚያም የመልቲሜትሩ ገመዶች ራሳቸው ሲነካኩ የሚያሳዩትን መቀነስ። እዚህ ያሉት ሞተሮች 5.8 ኦም ሰጥተዋል።

ባትሪው ሦስት 18650 የተባሉ ክብ የሊቲየም ሴሎች በተከታታይ የተያያዙበት ነው፤ ሲሞላ 12.6 ቮልት። ሞተሩ በቀጥታ ቢገናኝና ቢያዝ 12.6 ለ 5.8 ሲካፈል 2.2 አምፔር ያህል ይወስዳል። ኤል298 ግን በውስጡ ሞስፌት (ሲበራ ኪሳራው ትንሽ የሆነ የትራንዚስተር ዓይነት) ሳይሆን ባይፖላር ትራንዚስተር ስላለው በዚህ ከረንት 3 ቮልት ያህል ራሱ ላይ ያስቀራል። ለሞተሩ 9.6 ይደርሳል፤ ከረንቱም ወደ 1.65 አምፔር ይወርዳል። ሁለቱ ሞተሮች አብረው ቢያዙ 3.3 አምፔር ማለት ነው።

የኤል298 ወሰን ለአንድ ቻናል (ለአንድ ሞተር መውጫ) በቀጣይነት 2 አምፔር፣ ለአጭር ጊዜ በድግግሞሽ 2.5፣ ለ100 ማይክሮሰከንድ ብቻ ደግሞ 3 አምፔር ነው። እንግዲህ የተያዘ ሞተር ከወሰኑ በታች ነው። ወሰኑ የሚጣሰው ሌላ ጊዜ ነው፦ በሙሉ ፍጥነት የሚሽከረከር ሞተር ድንገት ወደ ኋላ ሲታዘዝ። ያኔ ሞተሩ በመሽከርከሩ የሚያመነጨው ቮልቴጅ ከባትሪው ጋር ይደመራል፤ ከረንቱም ከተያዘ ሞተር ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ እዚህ ከ3 አምፔር ያልፋል ማለት ነው። ብዙ ድራይቨር የሚሞተው በዚህች ትእዛዝ ነው። በኮዱ ውስጥ አቅጣጫ ከመቀየር በፊት ፍጥነቱን ዜሮ አድርጎ 200 ሚሊሰከንድ መጠበቅ፣ ከዚያም ከዜሮ ወደ ሙሉ በ300 ሚሊሰከንድ ውስጥ ቀስ በቀስ መውጣት የግድ ነው።

ቲቢ6612 የተባለውን ድራይቨር አስበን ነበር፤ ሞስፌት ስለሆነ ብዙም አይሞቅም፣ ቮልቴጅም ብዙ አይበላም። ነገር ግን በቀጣይነት የሚችለው በቻናል 1.2 አምፔር ብቻ ስለሆነ ለእነዚህ ሞተሮች አይሆንም። ለትናንሾቹ ቢጫ የፕላስቲክ ሞተሮች ግን ከኤል298 እጅግ የተሻለ ምርጫ ነው።

ሰኞ ከሰዓት፦ ዕቃ

ሞጁሎቹ፣ ሬዚስተሮቹና ካፓሲተሮቹ ሲኒማ ራስ አካባቢ ካሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ተገዙ። ፊውዝ፣ የፊውዝ መያዣ፣ ማብሪያ ማጥፊያና አምፖል ግን ከሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ መግዛት ይሻላል፤ ለ12 ቮልት ዲሲ የተሠሩ ናቸው፣ ጠንካራም ናቸው።

የተገዛው፦ ባለ 5 አምፔር የመኪና ፊውዝ ከነመጠባበቂያው፣ አይአርኤፍ4905 ሞስፌት፣ ባለ 15 ቮልት ዜነር ዳዮድ፣ 1ኤን5822 ሾትኪ ዳዮድ፣ የኤልኤም2596 ቮልቴጅ ማውረጃ ሞጁል፣ አንድ 1000 እና አንድ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ሁለቱም ባለ 25 ቮልት)፣ 104 የሚል የተጻፈባቸው ስድስት የሴራሚክ ካፓሲተሮች፣ 1፣ 10 እና 33 ኪሎኦም ሬዚስተሮች፣ ባለ 47 ኦም 5 ዋት ሬዚስተር፣ የ5 ዋትና የ21 ዋት የመኪና አምፖሎች፣ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ቀይና ጥቁር ገመድ።

በባትሪው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ላዩ ላይ 9900 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ጽሑፍ ያለበት 18650 ሴል ሐሰተኛ ነው፤ በዚህ መጠን የሚሠራ እውነተኛ ሴል ከ3600 ብዙም አያልፍም። የወጥ ቤት ሚዛን ያለው ሰው በቀላሉ ይለያል፦ ደኅና ሴል ከ45 እስከ 48 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 30 ግራም የሆነ ሴል ውስጡ ባዶ ነው። ከምናለሽ ተራ ከሚገኝ አሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ የሚወጡ ሴሎች ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ያለው አዲስ ይሻላሉ። ሆኖም ከ2.5 ቮልት በታች ወርዶ የቆየ ሴል እንደገና አይሞላም፤ ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ሲሞላ እሳት ሊያነሣ ይችላል። ሦስቱ ሴሎች ከመያያዛቸው በፊት በየተራ ሙሉ ለሙሉ ተሞልተው የቮልቴጅ ልዩነታቸው ከ0.05 በታች መሆን አለበት፤ በላያቸውም የሦስት ሴል መከላከያ ቦርድ ይደረጋል። የሚሞሉት 12.6 ቮልት ላይ ራሱ በሚቆም የሊቲየም ቻርጀር ነው። ተራ የ12 ቮልት አዳፕተር የሊቲየም ባትሪ ቻርጀር አይደለም።

ማክሰኞ፦ ከባትሪው እስከ መለያያው

ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ10 ሳንቲሜትር ሳይርቅ ተቀመጠ። ከፊውዙ በፊት ያለ ሽቦ ሁሉ ጥበቃ የለውም፤ ቢላላጥና የጋሪው ብረት ላይ ቢያርፍ 18650 ሴሎች በአሥር የሚቆጠር አምፔር ለቀው ሽቦውን ያግላሉ። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውንና ባትሪውን ነው። ባለ 5 አምፔር ፊውዝ ኤል298ን አያድነውም፤ ቺፑ ከፊውዙ ቀድሞ ይሞታል። ድራይቨሩን የሚጠብቀው የሰኞው ስሌትና ኮዱ ነው።

ቀጥሎ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገልብጦ ቢገናኝ የሚከለክለው ሞስፌት። አይአርኤፍ4905 ፒ ቻናል ነው፤ ከሦስቱ እግሮቹ ድሬኑ ወደ ባትሪው፣ ሶርሱ ወደ ጭነቱ፣ ጌቱ በ10 ኪሎኦም ወደ ግራውንድ (የጋራው ኔጋቲቭ)። ይህ አገጣጠም ሰው የለመደው ግልባጭ ስለሚመስል ብዙዎች አዙረው ይበይዱታል፤ ያኔ ባትሪው ሲገለበጥ በውስጡ ያለው ዳዮድ ስለሚያስተላልፍ ጥበቃው ከንቱ ይሆናል፣ ሥራ ላይ ሲሆንም ምንም ምልክት አያሳይም። ዜነሩ በጌቱና በሶርሱ መካከል ይገባል፣ መስመር ያለበት ጫፉ ወደ ሶርሱ። ተራ ዳዮድ እንዳይደረግ ምክንያቱ ኪሳራው ነው፦ ዳዮድ በ3.3 አምፔር ከ2 ዋት በላይ ሙቀት ያወጣል፤ ይህ ሞስፌት 0.02 ኦም ስለሆነ 0.2 ዋት ብቻ።

ፍተሻ፦ ባትሪው ሳይሆን የ9 ቮልት ትንሽ ባትሪ ሆን ተብሎ ተገልብጦ ተገናኘ፤ በውጤቱ በኩል መልቲሜትሩ ዜሮ አነበበ። በትክክል ሲገናኝ ሙሉው ቮልቴጅ አለፈ። ይህ ሳይረጋገጥ ወደፊት አልተሄደም።

ከሞስፌቱና ከዋናው ማብሪያ በኋላ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በራሱ ማብሪያ አልፎ በወፍራም ሽቦ ወደ ድራይቨሩ፣ ሌላው በሾትኪ ዳዮዱ አልፎ ወደ ኤልኤም2596። የሞተሩ ማብሪያ ለብቻው የሆነው ኮድ ሲጫን ጎማዎቹ እንዳይዞሩ ነው። 1000 ማይክሮፋራዱ በድራይቨሩ አፍ ላይ፣ 470ው ከሾትኪው በኋላ በማውረጃው አፍ ላይ ተበየዱ። የሾትኪው ሥራ ይህ ነው፦ ሞተር ሲነሣ የባትሪው ቮልቴጅ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይወድቃል፤ ዳዮዱ ባይኖር የ470ው ቻርጅ ወደ ኋላ ወደ ሞተሩ ይፈስሳል። ከዳዮዱ ጋር ግን ያ ቻርጅ ለአርዱይኖው ብቻ ይቀራል፤ ማውረጃው የሚስበው 0.1 አምፔር ያህል ስለሆነ ቮልቴጁ በ1.5 ቮልት እስኪቀንስ 7 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆያል። ለመነሻ ድንጋጤ ይበቃል።

የካፓሲተሮቹን አቅጣጫ ሁለት ሰው ቢያየው ጥሩ ነው። ተገልብጦ የተበየደ ይፈነዳል፤ ፊትም ከላዩ ላይ አያጎንብስ።

ማክሰኞ ማታ፦ ማውረጃው

ኤልኤም2596 ሞጁል ከሱቅ ሲወጣ ውጤቱ ስንት ላይ እንደቆመ አይታወቅም፤ ብዙ ጊዜ የገባውን ያህል ያስወጣል። ሳይስተካከል ከቦርድ ጋር ማገናኘት ቦርዱን መግደል ነው። ውጤቱ ባዶ ሆኖ ግቤቱ ላይ 12 ቮልት ተሰጠ፤ መልቲሜትሩ ውጤቱ ላይ፤ ትንሿ ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ ወደ ግራ ዞረች። የመጀመሪያዎቹ ብዙ ዙሮች ምንም ላይለውጡ ይችላሉ፤ ተበላሽቷል ብሎ መተው አይገባም።

የተመረጠው 8.0 ቮልት ነው እንጂ 5 አይደለም። ለምን፦ 5 ቮልት በቀጥታ በኡኖ የ5 ቮልት ፒን ሲገባ የቦርዱ መከላከያዎች ሁሉ ይታለፋሉ፤ በዚያ ላይ ዩኤስቢ ሲሰካ ሁለቱ የኃይል ምንጮች ፊት ለፊት ይገፋፋሉ። 8 ቮልት በክቡ መሰኪያ ሲገባ ግን ከመከላከያ ዳዮዱ በኋላ 7.3 ይቀራል፤ ኡኖ የውጭ ኃይል አለ ብሎ ዩኤስቢውን የሚቆርጥበት ወሰን 6.6 ስለሆነ ከላፕቶፕ ጋር ያለ ስጋት ይገናኛል። ሙቀቱም ቀላል ነው፦ ቦርዱ ከነሴንሰሮቹ 120 ሚሊአምፔር ቢወስድ የኡኖ ሬጉሌተር ላይ የሚቀረው 0.3 ዋት ገደማ ነው። ያለ ማውረጃ 12.6 ቢሰጠው 0.8 ዋት ይሆን ነበር፤ ያ ሬጉሌተር ደግሞ ሙቀቱን የሚያወጣው በቦርዱ መዳብ ብቻ ነው።

ከዚያ 47 ኦሙ ሬዚስተር ውጤቱ ላይ ተደረገ። 170 ሚሊአምፔር እየሳበ 8.0 ወደ 7.98 ብቻ ወረደ። ለሩብ ሰዓት ተተወ፤ ሬዚስተሩ ሞቀ፣ ሞጁሉ ለብ አለ። ብሎኗ በጋሪው መንቀጥቀጥ እንዳትዞር በጥፍር ቀለም ጠብታ ተያዘች።

ረቡዕ፦ ድራይቨሩ፣ ባትሪው ሳይገናኝ

በሞጁሉ ላይ ያለችው ትንሽ ጥቁር ጃምፐር (ሁለት ፒኖችን የምታገናኝ ቆብ) ብዙ ግራ ታጋባለች። ጃምፐሯ ካለች በሞጁሉ ላይ ያለው 78ኤም05 የተባለ ሬጉሌተር ለቺፑ 5 ቮልት ይሠራል፤ የ5 ቮልቱ ብሎንም ውጤት ነው። ጃምፐሯ ከወጣች ያ ብሎን ግቤት ይሆናል። ጃምፐሯ እያለች ከውጭ 5 ቮልት ማስገባት ሁለት ምንጮችን ማጋጨት ነው። እዚህ ጃምፐሯ አለች፣ የ5 ቮልቱ ብሎን ባዶ ነው። አርዱይኖውን ከዚያ መመገብ የተለመደ ቢሆንም አንመክረውም፦ ያ ሬጉሌተር የሚመገበው ከሞተሩ መስመር ነው፤ ሞተሩ መስመሩን ባናወጠ ቁጥር አርዱይኖውም ይናወጣል።

የኤል298 ሠሪዎች ዳታሺታቸው (የቺፑ የመረጃ ወረቀት) ላይ ኃይል ከመብራቱም ከመጥፋቱም በፊት የኢኔብል ፒኑ፣ ማለትም ቻናሉን የሚያበራውና የሚያጠፋው፣ ዝቅ ብሎ መሆን እንዳለበት ጽፈዋል። አርዱይኖ ሲነሣ ፒኖቹ ለተወሰነ ጊዜ ያልተያዙ ናቸው፤ በዚያ መካከል ሞተር በራሱ ሊሽከረከር ይችላል። ስለዚህ በኢኤንኤ እና በኢኤንቢ (የሁለቱ ቻናሎች ኢኔብል ፒኖች) ላይ ያሉት ጃምፐሮች ወጥተው እያንዳንዱ በ10 ኪሎኦም ወደ ግራውንድ ተሳበ። ከአርዱይኖ ወደ ድራይቨር በሚሄዱት ስድስት ሽቦዎች ሁሉ ላይ 1 ኪሎኦም በተከታታይ ገባ፤ የሞተሩ ማብሪያ ጠፍቶ አርዱይኖው ሲሠራ በፒኖቹ በኩል የሚሾልከውን ይገድባል፣ ሽቦ ተሳስቶ ቢነካካም ፒኑ ከ20 ሚሊአምፔር በታች ይቆያል።

ኢኤንኤ ከፒን 5፣ ኢኤንቢ ከፒን 6 ጋር። 9 እና 10 ያልተመረጡት የሰርቮ ላይብረሪ ሲጫን በእነሱ ላይ ፒደብሊውኤም (ፍጥነት የሚቆጣጠረው ፈጣን ማብራትና ማጥፋት) ስለሚጠፋ ነው።

ከሰዓት መብራት ጠፋ። ቻርጀሩ ወዲያው ከሶኬት ተነቀለ፤ መብራት ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልቴጁ ሊዋልል ስለሚችል ተረጋግቶ ነው የሚሰካው። ባትሪ የሚሞላው ሰው ባለበት፣ በሸክላ ንጣፍ ላይ ነው።

ሐሙስ፦ የመጀመሪያው ኃይል

መጀመሪያ ያለ ኃይል። ዋናው ማብሪያ በርቶ፣ ባትሪው ወጥቶ፣ በፖዘቲቭና በኔጋቲቭ መካከል ኦም ተለካ። ካፓሲተሮቹ እየሞሉ ስለሆነ ንባቡ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ጥቂት ኦም ላይ ከቆመ ሾርት አለ፤ ሳይገኝ ባትሪ አይገባም።

ከዚያ በፊውዙ ቦታ የ5 ዋቱ የመኪና አምፖል በተከታታይ ገባ። ይህ ውድ የላብ ፓወር ሰፕላይ ለሌለው ሰው ከሁሉ የሚሻል መሣሪያ ነው። መስመሩ ደኅና ከሆነ አምፖሉ ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ አንዴ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ሾርት ካለ ግን ደምቆ ይበራል፤ የሚያልፈውም ከ0.42 አምፔር አይበልጥም። ምንም አይቃጠልም፣ ጊዜ አለ።

ብልጭ ብሎ ጠፋ። ማውረጃው 8.0፣ የድራይቨሩ የ5 ቮልት ብሎን 5.02፣ ኢኤንኤና ኢኤንቢ ዜሮ። አርዱይኖው አሁን ብቻ ገባ። ፒኑ 5.00 አሳየ፤ አምፖሉ አልበራም። ላፕቶፑ በዩኤስቢ ሲሰካ ከአዳፕተሩ ተነቅሎ በራሱ ባትሪ ነበር፤ መሬት ያልተዘረጋለት ሶኬት ላይ ያለ አዳፕተር በላፕቶፑ አካል ላይ ቮልቴጅ ያሳድራል፣ የዩኤስቢው ግራውንድም ያንን ወደ ቦርዱ ይዞ ይመጣል።

ለሞተሮቹ አምፖሉ በ21 ዋቱ ተቀየረ፤ ጋሪው በጡብ ላይ ከፍ ብሎ ጎማዎቹ አየር ላይ ናቸው። ሞተር በነጻ ሲዞር አምፖሉ ጨለማ ነው፤ ጎማው በእጅ ለአፍታ ሲያዝ ፈካ ይላል። ሁለቱም በሁለቱም አቅጣጫ ከሠሩ በኋላ አምፖሉ ወጥቶ ፊውዙ ገባ።

ዓርብ፦ ግራውንድ፣ ጫጫታ፣ ሙቀት

ጋሪው መሬት ላይ ሲሄድ አርዱይኖው አልፎ አልፎ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል (ሪሴት ያደርጋል)። ኮድ ከመንካት በፊት ልኬት፦ መልቲሜትሩ በሚሊቮልት፣ አንዱ ጫፍ በአርዱይኖው ግራውንድ፣ ሌላው በድራይቨሩ ግራውንድ ብሎን፣ ሞተሮቹ በሥራ ላይ። 210 ሚሊቮልት። በሁለት ግራውንዶች መካከል ይህን ያህል ካለ የሞተሩ ከረንት መሄድ በሌለበት መንገድ እየሄደ ነው። የድራይቨሩ የጥቁር ሽቦ ብሎን ላልቶ ስለነበር የሞተሩ ከረንት ከሲግናል ሽቦዎቹ ጋር ባለችው ቀጭን ግራውንድ በኩል በአርዱይኖው ውስጥ እያለፈ ይመለስ ነበር።

የላላበት ምክንያት የታወቀ ነው። ብሎን ውስጥ የሚገባ የሽቦ ጫፍ በሶልደር ከተነከረ ሶልደሩ በብሎኑ ግፊት ቀስ እያለ ይዘረጋል፣ ብሎኑም ይላላል። ጫፉ ተቆርጦ፣ ሶልደር የሌለው ሽቦ ተጠምዝዞ በጫፍ ቱቦ ተጨምቆ ገባ፤ ተስቦም ተፈተነ። የግራውንድ ሽቦዎች ሁሉ አሁን ከአንድ ነጥብ፣ ከዋናው የባትሪ ኔጋቲቭ ብሎን ይነሣሉ፤ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ተቀጣጥለው አይሄዱም። አዲሱ ንባብ 18 ሚሊቮልት። ከ50 በታች ከሆነ ደኅና ነው።

በሞተሮቹ ላይ 104ቶቹ ካፓሲተሮች ተበየዱ፦ አንዱ በሁለቱ እግሮች መካከል፣ ሁለቱ ከየእግሩ ወደ ሞተሩ የብረት አካል። ከሞተሩ ብሩሽ የሚወጣውን ብልጭታ ከምንጩ ይይዛሉ፤ ድራይቨሩ አጠገብ ቢደረጉ ጥቅማቸው ይቀንሳል።

አንድ ነገር በተለይ ለኡኖ፦ ቦርዱ ቮልቴጅ ሲወድቅ ራሱን የሚያነሣው 2.7 ቮልት ላይ ነው፤ ቺፑ ግን በ16 ሜጋኸርዝ በትክክል እንዲሠራ 3.8 ያህል ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል ሲሆን አይነሣም፣ በትክክልም አያስብም። ጋሪ ያለ ምክንያት ወደ ጎን ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ስለዚህ ‹ሪሴት አላደረገም፣ ኃይሉ ደኅና ነው› ማለት አይቻልም።

ሙቀት። ሞተሮቹ በጭነት 0.6 አምፔር እየወሰዱ ድራይቨሩ 2 ቮልት ያህል ይበላል፤ በድምሩ 2.4 ዋት። ጥቁሩ የአሉሚኒየም ሳህን ይሞቃል ግን ጣት ይችለዋል። ሁለቱም ሞተሮች ቢያዙ 10 ዋት ይሆናል፤ ይህን ያ ሳህን አይችለውም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፍ ከተማ 20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ አየር የሚወስደው ሙቀትም ይቀንሳል። በዳታሺት ላይ ያለ የማቀዝቀዝ ቁጥር እዚህ ሲመጣ ትንሽ ይቆረጥለት። ጎማ ሳይዞር ከግማሽ ሰከንድ በላይ ከቆየ ሞተሩን የሚያጠፋ ትእዛዝ ኮዱ ላይ ተጨመረ።

ቅዳሜ፦ የባትሪው ወለል

የመከላከያ ቦርዱ ባትሪውን የሚቆርጠው በጣም ዝቅ ሲል ነው፤ ለሴሎቹ ዕድሜ ቀድሞ ማቆም ይሻላል። 33 እና 10 ኪሎኦም በባትሪው ፖዘቲቭና በግራውንድ መካከል በተከታታይ ገቡ፣ መካከላቸው ወደ ኤ0፣ ቮልቴጅ ወደሚያነበው የአርዱይኖው ፒን። 12.6 ቮልት 2.93 ይሆናል። ማቆሚያው 9.6 ቮልት ነው፣ ለእያንዳንዱ ሴል 3.2፤ ኤ0 ላይ 2.23 ቮልት፣ በኮድ ንባብ 457።

በመጀመሪያው ሙከራ ጋሪው 457 ላይ ቆመ፣ ከዚያም ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ ተንቀሳቀሰ። ጭነት ሲነሣለት የሊቲየም ባትሪ ቮልቴጅ ወዲያው መልሶ ይወጣል፤ እዚህ ወደ 9.9 ተመለሰ። አንድ ወሰን ብቻ ካለ ኮዱ ደኅና ነው ብሎ ሞተሩን ያስነሣል፣ ባትሪውም በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየተበላ ከወለሉ በታች ይወርዳል። የተደረገው፦ የ16 ንባቦች አማካይ ለ2 ሰከንድ ሙሉ ከ457 በታች ከቆየ ሞተሮቹ ይጠፋሉ፣ ዋናው ማብሪያ ጠፍቶ እስካልበራ ድረስም አይነሡም። ሲበራም ንባቡ ከ500 (10.5 ቮልት) በታች ከሆነ ኢኔብሎቹ ከዝቅታቸው አይነሡም፤ የኡኖዋ አምፖል ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ጋሪው ሲቀመጥ የባትሪው መሰኪያ ራሱ ይነቀላል፤ ሁለቱ ሬዚስተሮች ማብሪያው ከጠፋ በኋላ የሚያገኙት መስመር እንዳይኖር ከማብሪያው በኋላ ተበይደዋል፣ ማብሪያው ግን በቦርሳ ውስጥ ሊበራ ይችላል።